ቀይ መብራት ላይ ራሱ የሚጠፋ ሞተር ቶሎ ያልቃል?

የጠያቂዋ መልእክት እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያለችኝ መኪና ያሪስ ናት። በፈረንጆቹ 2012 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የመጣች፣ 1.33 ሞተር፣ ማንዋል። ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ቀይ መብራት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጌ እግሬን ከፍሪሲዮን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ይነሳል። መካኒኬ ‹ይሄ ነገር ሞተሪኖም ሞተርም ይበላል፤ ልቁረጥልሽ› ይለኛል። ደግሞ ባትሪ ካስቀየርኩ ወዲህ ሲስተሙ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ አሁንማ ጭራሽ ትቶታል። እውነት መኪናዬን ይጎዳታል? ላስቆርጠው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። አታስቆርጪው። ሞተሩን መብራት ላይ አጥፍቶ የሚያስነሳው፣ ስታርት ስቶፕ የሚባለው ሲስተም ሞተርሽን አይበላውም። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖሽም ከፋብሪካ የመጣው ራሱ ከሆነ አያሳስብሽ። እንዲህ ያለ መኪና የሚጎዳው እንደ ተራ መኪና ሲያዝ ነው። ተራ ባትሪ ሲገባለት፣ የማይሆነው ዘይት ሲሞላለት፣ ከየትም የተነቀለ ሞተሪኖ ሲታሰርለት። በመጨረሻ ጣል ያደረግሻት ነገር፣ «ባትሪ ካስቀየርኩ ወዲህ» ያልሽው፣ ለእኔ ከጥያቄው ሁሉ ትበልጣለች። እደርስባታለሁ።

መካኒክሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም እንዲህ ያለሽ። «ሞተር የሚያልቀው ሲነሳ ነው» የሚባለውን ጋራዥ ያደገ ልጅ ሁሉ ገና ዘይት መቀየር ሲማር ጀምሮ ይሰማዋል። እውነትም ነው። ታዲያ በቀን አምስት ስድስቴ ይነሳ የነበረ ሞተር አርባ ጊዜ መነሳት ከጀመረ ቶሎ ያልቃል ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው። ግን መነሳት ሁሉ እኩል አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አያት ቁልፉን ስታዞሪ የሚሆነውን አስቢው። መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ቆማለች። ዘይቱ ከላይ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ወርዷል። ብርድ ስለሆነ ወፍሯል፣ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩ እንዲነሳ ቤንዚኑን አብዝቶ ይረጫል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ይወስደዋል። ከጭሱ የሚመጣው እርጥበትም ብርድ ብረት ላይ ውሃ ይሆናል። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደር የሚፋጩት ያኔ ነው። ሞተር የሚያልቀው ሲነሳ ነው የተባለው ለዚህኛው መነሳት ነው።

አሁን ደግሞ መገናኛ መብራት ላይ ነሽ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቋል። ለ40 ሰከንድ ጠፋ። ዘይቱ የትም አልሄደም። የዘይት ቀዳዳው ውስጥም፣ ብሮንዚኑ (ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ) ላይም፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ላይም አለ። ቀጭንና ትኩስ ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጪ ግፊቱ ወዲያው ይመለሳል። ቤንዚን ማብዛት አያስፈልግም፣ ግድግዳ የሚታጠብበት ምክንያትም የለም። ይሄንን መነሳት ከጠዋቱ ጋር አንድ ላይ መቁጠር ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሲስተሙ በብርድ ሞተር ላይ ጭራሽ አይሠራም። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ካልደረሰ አያጠፋልሽም። ከቤት ወጥተሽ የመጀመሪያው መብራት ላይ ሞተሩ እንደማይጠፋ ሳታስተውዪ አትቀሪም። ስለዚህ በቀን አርባ ጊዜ ቢነሳም ክፉው መነሳት ያው የጠዋቱና ከሥራ ስትወጪ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ሲስተሙ ኖረም አልኖረም የማይቀር ነው።

ሙሉ በሙሉ ምንም የለም ግን አልልሽም። ክራንክሻፍቱ፣ ዋናው የሞተሩ ዘንግ፣ የሚዞረው ብሮንዚን በምንላቸው ግማሽ ክብ ማቀፊያዎች ውስጥ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሞተሩ ሲዞር ብረት ብረትን አይነካም። መሽከርከሩ ራሱ ዘይቱን እየጎተተ ከሥር ያስገባዋል፣ ዘንጉ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ክረምት ላይ ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ ስትፈጥኚ ጎማው መሬቱን ለቆ ውሃው ላይ እንደሚንሳፈፈው ማለት ነው። ለጎማ አደጋ ነው፤ ለክራንክሻፍት ግን ሕይወት ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘንጉ በክብደቱ ዝቅ ይልና ብሮንዚኑ ላይ ይቀመጣል። እንደገና ሲነሳ መንሳፈፍ እስኪጀምር ድረስ ለቅጽበት ይዳስሰዋል። አርባ መነሳት አርባ መዳሰስ ነው።

ይሄንን ፋብሪካዎቹ ከእኛ በፊት አይተውታል። ለዚህ ዓይነት ሞተር ጠንከር ያለ ሽፋን ያላቸው ብሮንዚኖች ተሠሩ። ለምሳሌ ፌደራል ሞጉል የሚባለው ኩባንያ አይሮክስ ብሎ ያወጣው ብሮንዚን ላዩ የፕላስቲክ ዘር በሆነ ሙጫ ተቀብቷል፤ ሙጫው ውስጥ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ አለበት። ዘይት ለቅጽበት ቢያጥረው እንኳ ራሱን ይችላል። ሌሎቹም ፋብሪካዎች የየራሳቸው አላቸው።

የተበተነ ሞተር አጠገብ ቆመሽ አንድ ብሮንዚን በእጅሽ ብታገላብጪ ደስ ይለኛል። ጤነኛው ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ጣትሽን ብታስኬጂበት ምንም አይዝሽም። የተበላው ጭነቱ በሚያርፍበት በኩል ያብረቀርቃል፣ በብዙ ሞተር ላይ ከሥሩ መዳብ የመሰለ ቀለም ብቅ ይላል። ቆሻሻ ያለፈበት ደግሞ ዙሪያውን የጥፍር ጭረት ይመስላል። ይቺን ጭረት ነው በብዛት የማገኛት። እሷን የሚያመጣው ሳይቀየር የከረመ ዘይትና ፎርጅድ ፊልትሮ ነው። ሞተሩ መብራት ላይ መጥፋቱ እንዲህ ያለ ጭረት አያወጣም።

ማስረጃ ከፈለግሽ ፕሪየስን ተመልከቺ። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1997 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው ይሄ ሃይብሪድ መኪና ሞተሩ እየጠፋ እየተነሳ ነው የሚውለው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት በ2011 አንድ የ2002 ፕሪየስ አምጥቶ ፈተነ። ከ200 ሺህ ማይል በላይ የሄደ ነው፣ ወደ 320 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ያው ሞዴል አዲስ ሳለ ከተፈተነው ጋር ሲያስተያዩት ፍጥነቱም የነዳጅ ፍጆታውም ያን ያህል አልተለወጠም። በጥንቃቄ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ፕሪየስ ሞተሩን የሚያስነሳው በሞተሪኖ አይደለም። በትልቁ የኤሌክትሪክ ሞተር መጀመሪያ በደንብ አዙሮት ነው ነዳጅ የሚሰጠው። ስለዚህ ስለ ሞተሩ ጤና ይመሰክራል፤ ስለ ሞተሪኖ ግን አይመሰክርም።

ወደ ሞተሪኖው እንሂድ። እዚህ ላይ የመካኒክሽ ስጋት ግማሹ ልክ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በቀን አርባ ጊዜ ቢያስነሳ፣ በዓመት 300 ቀን ብትነጂ፣ 12 ሺህ ጊዜ ነው። የተራ መኪና ሞተሪኖ በግምት ከ30 እስከ 50 ሺህ ጊዜ እንዲያስነሳ ታስቦ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ብታስገቢው ሦስት አራት ዓመት ውስጥ ካርቦኑን ጨርሶ ቁጭ ይላል። ለዚህ ሲስተም የሚሠራው ግን ከ200 እስከ 300 ሺህ ጊዜ የሚችል ነው። ካርቦኑ ይረዝማል፣ ቡሹ ይጠነክራል፣ ጥርሱ ሲገባ እንዳይንገጫገጭ ተደርጎ ይሠራል። ዴንሶ ሞተሩ ገና ሳይቆም መልሶ ጥርሱን ማስገባት የሚችል ሞተሪኖም አውጥቷል። ቀይ አይተሽ ልትቆሚ ስትዪ አረንጓዴ ሲሆንብሽ ለዚያ ጊዜ ነው።

የአንቺ ያሪስ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ቶዮታ ለ1.33 ሞተሩ ይሄን ሲስተም በ2009 ሲያመጣ የሞተሪኖው ጥርስ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ጥርሳም ብረት) ጥርስ ጋር ሁልጊዜ እንደተያያዘ እንዲኖር አድርጎ ነው የሠራው። ተራው ሞተሪኖ በተነሳ ቁጥር ጥርሱ ወጥቶ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ «ጭርር» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው። የአንቺው አይወጣም አይገባም። ሞተሩ ሲነሳ በመካከላቸው ያለ ባንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ክላች ይለቀዋል። ስለዚህ «ጥርስ ይበላል» የሚለው ወሬ ለአንቺ መኪና አይሠራም።

አደጋው የሚመጣው ሞተሪኖው አንድ ቀን ሲበላሽ ነው። ሱማሌ ተራ ሄደሽ «የያሪስ ሞተሪኖ» ብትዪ ያሪስ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሻንሲ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ። ያንቺን ሞተሪኖ አስፈትተሽ አጠገብ ለአጠገብ ሳታስተያዪ አትክፈዪ። የጉዳቱ ምንጭ እዚህ ነው፤ ሲስተሙ ሳይነካ ተራ ሞተሪኖ ይታሰርለታል፣ ሞተሪኖው ቶሎ ይሞታል፣ ከዚያ «ሲስተሙ በላው» ይባላል።

አሁን ወደ ባትሪው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ ልውሰድ፣ ምክንያቱም የመኪናሽ ችግር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ሞተሩ መብራት ላይ ሲጠፋ ሬዲዮው፣ ማራገቢያው፣ ፓውዛው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሁሉ የሚበሉት ከባትሪ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ቆሟል። ከዚያ ደግሞ ባትሪው ሞተሪኖ ያዞራል። ጥቂት መቶ ሜትር ሄደሽ መልሰሽ ትቆሚያለሽ፤ የወሰደውን ሳይተካ እንደገና ይሰጣል። ተራ ባትሪ ለዚህ አልተሠራም። ተራ ባትሪ ጠዋት አንዴ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መዋል ነው የሚወደው። ግማሽ ሞልቶ ሲከርም ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ አሲዱም ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ ሆኖ ይለያያል። በዓመት ውስጥ ይደክማል።

ለዚህ ሲስተም ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ። አንዱ ኢኤፍቢ (EFB) ይባላል፤ ከተራው የተጠናከረ ነው፣ ለአነስተኛ መኪና ይበቃል። ሌላው ኤጂኤም (AGM) ነው፤ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘ፣ ከሁሉም ብዙ ጊዜ መሙላትና መራገፍን የሚችል። ባትሪው ላይ በትልቁ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። መኪናሽ ከፋብሪካ ስትወጣ ኤጂኤም ከነበራት ኤጂኤም ነው የሚተካላት፣ ወደ ኢኤፍቢ አይወረድም። ከኢኤፍቢ ወደ ኤጂኤም መውጣት ግን ይቻላል። ዋጋው ይጨምራል፣ አውቃለሁ፣ ኪስ ይነካል። ተራውን ቶሎ ቶሎ ከመቀያየር ግን ይሻላል።

ስለዚህ አሁን ኮፈኑን ክፈቺና ያስገቡልሽን ባትሪ አንብቢው። እነዚህ ፊደሎች ከሌሉበት ተራ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ሲስተሙ የተወው ተበላሽቶ አይደለም። ባትሪው መድከሙን አይቶ «እዚህ ቀይ መብራት ላይ አጥፍቼ ማስነሳት ቢያቅተኝስ» ብሎ ነው እምቢ ያለው። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። መጀመሪያ አንዳንዴ መሥራቱ፣ ከዚያ ጭራሽ መተዉ፣ እየደከመ የሚሄድ ባትሪ ምልክት ነው።

ባትሪው ትክክለኛው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚቀጥለውን እዪ። በብዙ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ላይ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ትንሽ ሴንሰር አለ። ወደ ባትሪው የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል። እኛ አገር ጂፒኤስ፣ አላርም፣ ትልቅ ስፒከር ሲገጠም ኔጌቲቩን ሽቦ ቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ ያስሩታል። ያኔ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሴንሰሩ አያልፍም። መኪናው ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ሲያስብ ባትሪው ባዶ ይሆናል። ተጨማሪ ዕቃ ካስገጠምሽ ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ላይ መታሰር አለበት። ቻርጀር ስታስደርጊ ወይም ከሌላ መኪና ስታስነሺም እንዲሁ፤ ጥቁሩ ሽቦ አካሉ ላይ ካለ ባዶ ብረት ይያዝ።

ባትሪ ከተቀየረ በኋላ አንዳንድ መኪና፣ ለምሳሌ ቢኤምደብሊውና አውዲ፣ በኮምፒውተር «አዲስ ባትሪ ገባልህ» መባል ይፈልጋል። ካልተባለ አሮጌው ያለ መስሎት በአሮጌው ልክ ይሞላዋል።

ሌላም ብዙ ሰው ያለ አግባብ ወጪ የሚያወጣበት ነገር አለ። ሞተሩ እየሠራ ቮልት ይለካና 12.8 ወይም 13 ሲያሳይ «ዲናሞሽ ሞቷል» ይባላል። በድሮ መኪና ልክ ነው፣ 14 አካባቢ መሆን ነበረበት። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ግን ዲናሞውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ስትፈጥኚ ነዳጅ ለመቆጠብ ያሳርፈዋል፣ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ይሞላል። አንድ ጊዜ ለክቶ ዲናሞ መፍታት አይገባም። ፓውዛውንና ማራገቢያውን አብርቶ፣ ነድቶ፣ ደጋግሞ መለካት ነው። የባትሪው ጤና የሚታየው ሌላ ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሳይነሳ ከ12.5 በላይ ካለው ደህና ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል።

የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ደግ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ፣ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ ባትሪያችሁን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ሙቀቱ ነው። እዚያ ተራ ባትሪ አስገብቶ ይሄን ሲስተም ማሠራት ብር ማቃጠል ነው።

ዘይት። ይሄ ለሞተርሽ ከሁሉ በላይ ነው። እኛ አገር «ወፍራም ዘይት ይሻላል፣ አይጠጣም» ተብሎ 20 ደብልዩ 50 የሚሞላለት መኪና ብዙ ነው። ለአሮጌ የሥራ መኪና ሊሆን ይችላል። ያንቺ ሞተር ግን የተሠራው ለቀጭን ዘይት ነው፤ 0 ደብልዩ 20 ወይም 5 ደብልዩ 30። ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። በየመብራቱ ለሚነሳ ሞተር ዘይቱ ቶሎ መድረሱ ዋናው ነገር ነው፤ ወፍራሙ ይዘገያል። የጠዋቱን ክፉ መነሳት ይበልጥ የሚያከፋውም እሱ ነው። መካኒክሽ ስለ ሞተር ማለቅ ከልቡ ከተጨነቀ ሽቦውን ትቶ መጀመሪያ ያስገባልሽን ዘይት ቆርቆሮ ያሳይሽ። በአቧራችንና በመንገድ መዘጋጋታችን ደግሞ አውሮፓ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ረጅም ኪሎ ሜትር አትጠብቂ። ቀደም አድርገሽ ቀይሪ፣ ፊልትሮውንም አብረሽ።

ሲስተሙን በመፍራት የሚመጣ ጉዳትም አለ፣ ይሄ በማንዋል መኪና በጣም የተለመደ ነው። ሰው ሞተሩ እንዳይጠፋበት መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ ይቆያል። ሞተሩ አይጠፋም፣ እውነት ነው። ግን ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭነት ተሸክሞ እየተፈጨ ነው። እሱን ለመቀየር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት። አንድ ሞቅ ያለ ሞተር ማስነሳት ከሚያመጣው ድካም ጋር አይወዳደርም። እንዳይጠፋብሽ ስትፈልጊ ሲስተሙን የምታጠፋው የምትጫን ቁልፍ አለችልሽ፣ እሷን ተጫኚ።

እሷን መቼ ትጫኛለሽ? መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሦስት ሜትር እየተሳብሽ ስትሄጂ። ሦስት ሰከንድ ጠፍቶ መነሳት ለማንም አይጠቅምም። አርጎን የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እንዳጠናው ከ10 ሰከንድ በላይ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ እየሠራ፣ መቆም ሞተር አጥፍቶ ከማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይበላል። ከዚያ ላነሰ ማጥፋቱ አያዋጣም። ማታ በዝናብ ፓውዛ፣ መጥረጊያና የመስታወት ማሞቂያ አብርተሽ ስትሄጂም ተጫኚያት፣ ባትሪው ይረፍ። ጠባብ ቦታ ፓርክ ስታደርጊም እንዲሁ። በቀረው ጊዜ ተይው ይሥራ። መኪናሽ ቁም ነገር ያለው ነዳጅ ታተርፋለች። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ሚኒሞ ላይ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠጣል። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል መብራት ላይ ካጠፋሽ በዓመት ወደ 80 ሊትር ይጠጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለሽን መኪና ረጅም ዕድሜ ማኖር ግዴታ ሆኗል። በነዳጅም በመለዋወጫም ማሰብ አለብሽ።

በቁልፏ ያጠፉት ሲስተም መኪናውን ባስነሱ ቁጥር ለምን ተመልሶ እንደሚበራ የሚጠይቁኝ አሉ። አውሮፓ ውስጥ የነዳጅ ፍጆታና ጭስ የሚለካው ሲስተሙ በርቶ ነው። መኪናሽ በተሠራችበት ዘመን የነበረው መለኪያ ደግሞ ከጊዜው ሩቡን ያህል መኪናዋ ቆማ የምታሳልፍበት ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲስተሙን የወደዱበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አሜሪካ ያላችሁም በፈረንጆቹ 2025 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኃላፊ ሊ ዘልዲን «ሁሉም ይጠላዋል» ብለው እንደሚያስተካክሉት መናገራቸውን ሰምታችኋል። እሳቸው ያነሱት ሞተር ይጎዳል የሚለውን አይደለም። ክርክራቸው ፋብሪካዎች በእሱ ያገኙት ስለነበረው የጭስ ቅነሳ ነጥብ ነበር። ያንን ሰምቶ «ይኸው አሜሪካም ሞተር ይበላል አለ» የሚል ወሬ ውስጥ አትግቡ።

ፍሬን ላይ እግርሽን ደጋግመሽ ስትረግጪ የጠፋው ሞተር ሳትነኪው ቢነሳ አትደንግጪ። ፍሬኑን የሚያቀልልሽ ሞተሩ የሚፈጥረው መሳብ ነው። ሲቀንስ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስነሳዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚጠራቀመው መሳብም በዚያው ልክ ያነሰ ስለሆነ እዚህ ከአውሮፓ ቶሎ ሊሆን ይችላል። ጤናማ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላችሁ፣ ሞተሩ ሲቆም የካምቢዮው ዘይት ግፊት እንዳይወርድ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም ዘይት ማቆያ አለው፤ ዜድኤፍ በስምንት ማርሹ ካምቢዮ ላይ ያደረገው ማቆያውን ነው። የካምቢዮ ዘይት በጊዜው መቀየር አትርሱ። ቱርቦ ያላችሁ፣ ረጅም ዳገት ጨርሳችሁ እንደወጣችሁ ቁልፏን ተጫኑ፣ ቱርቦው ትንሽ ይብረድ። ናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ሲጠፋና ሲነሳ መንቀጥቀጡ ስለሚበዛ ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎሚኒዎች በየሰርቪሱ አስዩ። በእውነት ትንሽ ቀድመው ሊያልቁ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ስለ መቁረጡ የመጨረሻ ነገር። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የኮፈኑ ማብሪያ ነው፤ መኪናው ኮፈን የተከፈተ መስሎት ሞተሩን አያጠፋም። አላርሙ ግን ያችኑ ማብሪያ ይጠቀማል፣ ኮፈንሽን ሌባ ቢከፍት ዝም ይልሻል። ሌሎች ደግሞ የባትሪውን ሴንሰር ይነቅሉታል። ያኔ ዲናሞው በጭፍን ነው የሚሞላው፣ አዲሱንም ባትሪ ይዘሽ ትከስሪያለሽ። ሁለቱንም አታድርጊ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የባትሪውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ጠዋት ሳይነሳ ቮልቱን አስለኪ፣ የገባልሽን ዘይት ጠይቂ። ባትሪው ተራ ከሆነ በኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም አስቀይሪ፤ ስትገዢ የተመረተበትን ቀን እዪ፣ መደርደሪያ ላይ ብዙ የከረመ አዲስ ባትሪ አዲስ አይባልም። ከተቀየረ በኋላ ሲስተሙ ወዲያው ላይመለስ ይችላል፣ ጥቂት ቀን ንጂበት። ትክክለኛ ባትሪ ገብቶ፣ ሞልቶ፣ ሞተሩ ሞቆ አሁንም ካልሠራ ያኔ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ የኮፈኑን ማብሪያ፣ ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ማብሪያ፣ ከዚያ ማርሹ ፎሌ መሆኑን የሚያነበውን ሴንሰር አስዪ። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም ከቀላሉ ወደ ውዱ ነው የሚሄደው።